ራቁት ሽቦ አይተዉም

ሰውን ሌባ ቢሉት ተከራክሮ ይረታል። ሰካራም ቢሉት «ኑ፣ አፌን አሽትቱ» ይላል። «ረሳህ» ያሉት ሰው ግን ምን ብሎ ይከራከራል? አልረሳሁም ባለ ቁጥር የሚሰሙት ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ድምፃቸውንም አልጋ ላይ ለተኛ ሕመምተኛ እንደሚያወሩ ዝቅ ያደርጋሉ።

የቀድሞው አውቶቡስ ነጂ አርባ ቁጥር ይህን ከቀመሰ አራተኛ ቀኑ ነበር። አራቱንም ቀን ደሙ እንደፈላ አደረ።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ግቢው ውስጥ የቆመችውን አሮጌ ሰማያዊ መኪናውን ሊያስነሳ ቁልፉን ቢያዞር ዝም አለችው። ደግሞ ቢያዞር፣ ዝም። «እናየዋለን» ብሎ ወረደ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአርባ ቁጥርን አውቶቡስ የነዳ፣ የሰፈሩ ሰው እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ትቶ በመስመሩ ቁጥር የሚጠራው ሰው፣ መኪና አልነሳም አለችኝ ብሎ አይደነግጥም። የደነገጠው ማታ ልጁ ሲመጣ ነው።

ልጁ የቢሮ ሰው ነው። እጅጌውን እንኳ ሳይጠቀልል መሪው ኋላ ተቀመጠ፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረ፣ ወረደና እጁን ኪሱ ከቶ ፈረደ።

«ባትሪው ሞቷል። መብራት አብርተህ ረስተህ ነው፣ አባዬ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ባለፈው ሳምንትስ መነጽርህን ፍሪጅ ላይ ጥለህ ስንት ሰዓት ፈለግን?»

«ዳሽቦርዱን አየኸው? ሁሉም በርቷል። ባትሪው የሞተ መኪና እንዲህ ይበራል?»

«እሱማ ትንሽ ቀርቶት ነው።»

«ትንሽ ቀርቶት!» አርባ ቁጥር ወደ ሚስቱ ዞረ። «ስሚው እስቲ! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው!»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሰው ሸሚዝ ቁልፍ ትተክል ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ ቁልፍ አነሳች።

ልጁ ባትሪውን ነቅሎ ይዞ ሄደ፤ «ቻርጅ አስደርጌ አመጣዋለሁ» አለ። ያመጣው ዓርብ ማታ ነው። ገጠመው፣ ቁልፉን አዞረ፣ አሁንም ዝም። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲያው ባትሪው አልነበረም ማለት ነው፣ ይቅርታ» ይላል። ልጁ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ነውና፣ «አየህ፣ መብራቱ ሲበራ አድሮ ሌላም ነገር አቃጥሏል» አለ። አክሎም ያቺን ለሕመምተኛ የምትሆን ዝቅ ያለች ድምፅ አወጣ። «አባዬ፣ ነገ አራት ሰዓት ላይ ክሬን ይዤ እመጣለሁ። መኪናዋ እኔ ግቢ ትቁም። ቁልፉም እኔ ጋ ይሁን። የሆነ ቦታ መሄድ ስትፈልጉ ትደውሉልኛላችሁ።»

ጠቡ እንግዲህ ስለ ቁልፉ ነው። አርባ ቁጥር ያን ሌሊት ቁልፉን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ በላዩ ቆልፎበት ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን የመፍቻ ሳጥኑን ጎትቶ ግቢው መሃል ዘረገፈው። ሁለት ሰዓት ጊዜ አለው። ክሬኑ ከመድረሱ በፊት ብልሽቱን አግኝቶ፣ አስነስቶ፣ «ሰማህ?» ሊለው ነው። በመስኮቱ በኩል የሚስቱ የስፌት መኪና ትር ትር ትር ይላል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለ ጮክ ብሎ፤ ለመኪናዋም ለመስኮቱም እንዲሰማ። «ክሬን! ጭራሽ ክሬን! እንደ ሬሳ በገመድ ተጎትታ ከግቢዬ ልትወጣ!»

የስፌት መኪናው ለአፍታ ቆመና ቀጠለ።

ብልሽት የሚፈልግ ሰው ከቀላሉ ይጀምራል። አርባ ቁጥር የፊት መብራቱን አበራና ዞሮ መጥቶ መዳፉን መስታወቱ ላይ ጫነ። የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታ መብራት በዓይን ይታያል? እጅ ግን አይዋሽም። እስኪሞቅ ጠበቀ፤ ሞቀ፤ አልፎም አቃጠለው። ከዚያ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ክላክሱን ተጫነ። ክላክሱ ሰፈሩን አናወጠው፤ የጎረቤት ውሻ በድንጋጤ አብሮ ጮኸ።

«ባትሪው ሞቷል!» አለ አርባ ቁጥር የልጁን ድምፅ አስመስሎ። «የሞተ ነገር እንዲህ ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

ኮፈኑን ከፈተ። የባትሪውን ማሰሪያዎች፣ ሞርሴቶዎቹን፣ አንድ በአንድ ፈታ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተገ፣ መልሶ እስኪያቃስቱ አጠበቃቸው። የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቴስተር አወጣ። ሁለቱን መርፌዎች ሁለቱ የባትሪ ጫፎች ላይ ካሳረፈ በኋላ ግን ቴስተሩን ወደ ፊቱ አቀረበ፣ አራቀ፣ አዘነበለ።

«አንቺ!»

የስፌት መኪናው ቆመ። «አቤት።»

«ነይ ይሄን አንብቢልኝ። ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ወድቆ አላይ አለኝ።»

ሚስቱ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች መጣች። ቴስተሩን ከእጁ ተቀብላ ቀና ብላ ፊቱን አየች። የተከፈተው ኮፈን የሚጥለው ጥላ ትከሻው ድረስ ይደርስ ነበር።

«አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት» አለች።

«እንዴ! አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት! ሙሉ ነው! ሰማሽ? ሙሉ! ታዲያ ያ ልጅሽ ምንድን ነው የሚያወራው?»

«ሲሳሳት ልጄ፣ ሲመረቅ ልጅህ።»

«ግቢ፤ መሪው ጋ ተቀመጪ። ቁልፉን አዙሪልኝ።» ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ሰጣት። ለሌላ ለማንም አይሰጥም ነበር።

እሷ ደግሞ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ መኪና ሥር ተጋድሞ ሲፈታ፣ ሲያጠብቅ፣ ሲሳደብ፣ ባትሪ መብራት ይዛ ከበላዩ የምትቆመው እሷ ናት። «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ የኔን ግራ!» ሲላት ኖሯል። መንዳት አላስተማራትም፤ ሞተር ግን ሳያስበው አስተምሯታል። የፒንሳ ዓይነት ለይታ ታቀብለዋለች፤ ካቻቢቴ ሲላት ባለ መስቀሉን ይሁን ባለ ጠፍጣፋውን ከድምፁ ታውቃለች።

«መብራቱን አብርቼ ላዙር?» አለች ሳይነግራት።

«አዎ። ስታዞሪ ዳሽቦርዱ ይደበዝዝ እንደሆነ እይ።»

አርባ ቁጥር ረጅሙን ካቻቢቴ አነሳ። ጫፉን ወደ ታች ሰድዶ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ አሳረፈ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደገነ፤ ሐኪም የታማሚ ደረት እንደሚያዳምጥ።

«አዙሪ!»

ከዳሽቦርዱ ሥር ትንሽ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ከሞተሪኖው ግን ምንም፤ ትንፋሽ እንኳ የለም።

«ደበዘዘ?»

«አልደበዘዘም።»

«እንደገና!»

ቀጭ። ከዚያ ምንም።

አርባ ቁጥር ቀና አለ። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ንዴቱ የሚይዘው ነገር አገኘ። ሞተሪኖ ነክሶ የቀረ ቢሆን ኤሌክትሪኩን ሁሉ ይስበውና መብራቱ ይደበዝዝ ነበር። ይሄኛው ሞተሪኖ አልታመመም፤ ተነስ ያለው የለም። ቢሆንም ለሕሊናው ሲል የመዶሻውን እጀታ ሰድዶ ጎኑን ኳ ኳ ኳ አደረገ፤ ያረጀ ሞተሪኖ አንዳንዴ ሲመታ ይነቃል።

«አዙሪ!»

ምንም።

«ተዋት በቃ» አለች ሚስቱ ከውስጥ። ድምፅዋ ቀጠነ። «እባክህ ተዋት። አርጅታለች።»

«ምን አልሽ?»

«መኪናዋ አርጅታለች አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ነገር ሁሉ ጊዜ አለው። ትሂድ፤ ማንም አይስቅብህም።»

«አንቺም!» መዶሻውን ሲሚንቶው ላይ ወረወረው። «አንቺም ከነሱ ጋር ሆንሽ! ማርጀት ብልሽት ነው? ማርጀት የሚባል ብልሽት የለም! ቺንጋ ይበጠሳል፣ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሽቦ ይወልቃል። ጋራዥ ሄደህ ‹ምን ሆነች?› ስትል ‹አርጅታ ነው› የሚልህ መካኒክ ሥራ የማያውቅ ነው፣ ካልሆነም ሌባ ነው! ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። ሥሩን ሳላገኝ ከዚህ ንቅንቅ የለም። ውረጂ!»

ሚስቱ ወረደች። ቁልፉን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። የስፌት መኪናው ድምፅ ግን ተመልሶ አልተሰማም።

አርባ ቁጥር ሸሚዙን አወለቀና በካናቴራ ቀረ። ወደ ሞተሪኖ የሚሄዱት ሽቦዎች ሁለት ናቸው። ወፍራሙ ከባትሪው ጉልበት ያመጣል፤ ቀጭኑ ከቁልፉ ትእዛዝ ያመጣል። ወፍራሙን በጣቱ ተከትሎ ደረሰበት፤ ጥብቅ ነው። ቀጭኑን ለማግኘት ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ በሞተሩና ከኋላው ባለው የብረት ግድግዳ መሃል ማስገባት አለበት። ጉንጩን ከጎማው በላይ ያለው የቆሸሸ ፓራፋንጎ ላይ አስደግፎ ክንዱን ሰደደ። ለዚህ ሥራ ዓይን አያስፈልግም፤ ዓይን ኖረም አልኖረም እዚያ ጋ የሚያየው ነገር የለም። ይህ ከመኪና ሥራ ሁሉ የሚወደው ክፍል ነበር።

ሞተሪኖው ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሿን ጣሳ ነካ። ሽቦው የሚሰካባትን ምላስ አገኘ። ባዶ ናት።

«አገኘሁሽ!» ብሎ ጮኸ። «ወልቋል! ሽቦው ወልቋል! መብራት አብርተህ ረስተህ ነው ይበለኝ አሁን!»

ጣቶቹ የወለቀውን ሽቦ ፍለጋ ወደ ታች ዳበሱ። በንዝረት የወለቀ ሽቦ ወደ ታች ይንጠለጠላል። እዚያ የለም። ወደ ላይ ዳበሱ። ሽቦው በሥርዓት ታጥፎ፣ ከጎረቤቱ ቱቦ ጋር ተጠግቶ ተቀምጧል። ጫፉ ላይ ደግሞ ለስላሳ ነገር አለ።

ጨርቅ ነው። ጨርቁ ጫፉን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሸፍኖታል፤ ጨርቁን ክር አስሮታል፤ ክሩ ሦስት ዙር ዞሮ በሁለት ቋጠሮ አልቋል።

አርባ ቁጥር ክንዱን ሳያወጣ እንደተደገፈ ቀረ።

ይህን ቋጠሮ ያውቀዋል። አውልቆ ያስቀመጠው ሸሚዝ ቁልፎች በሙሉ በዚህ ቋጠሮ ነው የተተከሉት፤ ሦስት ዙር፣ ሁለት ቋጠሮ። ከዚህ ይልቅ ግን ሌላው ነገር ልቡን ነከሰው። ሽቦ የነቀለ ሰው እንዲሁ ነቅሎ ይተወዋል። «ራቁት ሽቦ አይተዉም፤ ብረት ቢነካ እሳት ያስነሳል» እያለ ሠላሳ ዓመት የጮኸው ራሱ ነው። የጮኸው ደግሞ መብራት ይዛለት በምትቆመው አንዲት ሰው ላይ ነው። ልጁ ሞተሪኖን ከራዲያተር አይለይም። በዚህ ዓለም ላይ መኪናውን እየሰረቀው የእሱን ሕግ የሚያከብር ሌባ አንድ ብቻ ነው።

ክሩን በጣቱ በጠሰ። ጨርቁን ይዞ ወጣ።

ሚስቱ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ጨርቁን ከፊቷ ዘረጋው።

«የድሮ ቢጃማህ።»

«ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩሽም! ማን አሰረው?»

«እኔ። ሰኞ፣ ስትታጠብ።»

ብትክድ ይሻለው ነበር፤ ሰው ሲክድ ይጮሁበታል።

«አራት ቀን» አለ። «አራት ቀን ሙሉ ልጄ ዓይኔ እያየ ጅል ሲያደርገኝ፣ ረስተሃል ሲለኝ፣ አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ቁልፍ ትተክያለሽ! እውነት ረስቼ ይሆን እንዴ ብዬ ሌሊት ተነስቼ መብራት ስንቴ እንዳየሁ ታውቂያለሽ? እ? ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ስትነሳ እሰማሃለሁ።»

«እየሰማሽ!»

«እየሰማሁ። እሱ ጥፋቴ ነው። ሌላውን ግን ጥፋት አልለውም።» ሚስቱም መጮህ ጀመረች። «እሁድ ከእህቴ ቤት ስንመለስ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

«ማቋረጫው ላይ። ቢጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ። ‹ቁም!› ብዬ ጮህኩ።»

«አይቻታለሁ ብዬሻለሁ!»

«ከጮህኩ በኋላ ነው ፍሬን የረገጥከው! አንተ ሰውዬ፣ እኔ አጠገብህ ነበርኩ። ፊትህ ላይ ምንም አልነበረም። ባዶ መንገድ እንደሚያይ ሰው ነበር የምትነዳው። እጄን ብዘረጋ ሹራቧን እነካው ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሻይ ስትቀዳ ጣትህን ብርጭቆው ውስጥ ከተህ እንደሆነ አላይም? መነጽርህን ፍሪጅ ላይ የጣልከው ረስተህ ነው? ስላልጠቀመህ ነው! ዛሬስ? በየትኛው ፀሐይ ነው ቴስተሩ አልታይ ያለህ? ጥላ ውስጥ ቆመህ!»

«ዝም በይ።»

«አንድ ዓመት ዝም አልኩ። ብነግርህ ትክዳለህ። ለልጆቹ ብነግር ያዝኑልሃል። መኪናዋ ብትሞት ግን፣ አልኩ፣ ለመኪናዋ እናዝናለን። አርጅታለች ብለን ይበቃናል። እሱ መጥቶ ረሳህ ይልሃል ብዬ መቼ አሰብኩ! ልናገር ስል ደግሞ ሽቦውን ምን ልበለው?»

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አለ አርባ ቁጥር በመራራ ድምፅ። «ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩሽን ለዚህ አዋልሽው።»

«አዎ፣ አዋልኩት! አንተ አይደለህም ፍሬኑ የላላ አውቶቡስ አላወጣም ብለህ ከኃላፊህ ጋር የተናነቅከው? ‹ሰው ነው የምጭነው› አላልክም? ለመኪና ሲሆን ባትሪውን፣ መብራቱን፣ ሞርሴቶውን ትመረምራለህ። ለራስህ ሲሆን ፀሐይ ነው! ሁሌ ፀሐይ ነው!»

አርባ ቁጥር እጁን አነሳ፤ ለመምታት አልነበረም፤ የሚሰማውን ነገር ከፊቱ ለማባረር ይመስል ነበር። እጁ ላይ ጨርቁ ተንጠልጥሏል። የዚያች ልጅ ሹራብ ቢጫ መሆኑን ያወቀው አሁን ነው። እሁድ ለት ያየው፣ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ፣ የሆነ ነገር እየሮጠ ሲሸሽ ብቻ ነበር። ያን ለማንም አልተናገረም። ለራሱም።

ከበሩ ውጪ የከባድ መኪና ሞተር አጓራና ቆመ።

«መጡ» አለች ሚስቱ።

አርባ ቁጥር ተመልሶ ክንዱን ሞተሩ ውስጥ ከተተ። ሽቦውን ይዞ ምላሱ ላይ ሰካው፤ ቀጭ ብሎ ገባ። ሲወጣ ልጁና የክሬኑ ሹፌር በሩ ላይ ቆመው ነበር። የክሬኑ ሹፌር ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ! በልጅነቴ በእርስዎ አውቶቡስ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው፤ አንዴ ደግሞ ሳልከፍል ይዘውኝ ጆሮዬን ጎትተው አውርደውኛል!» ብሎ እጁን ዘረጋ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እጁን ዘርግቶልሃል» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

አርባ ቁጥር እጁን ወደ ድምፁ ሰደደና ጨበጠ። «ጆሮህ ደህና ነው?» አለ።

«ደህና ነው ጋሼ፣ አደገ እንጂ አላነሰም!»

ልጁ በዚህ አልሳቀም። የአባቱን በቅባት የጠቆረ ክንድና የእናቱን ፊት አየ። «አባዬ፣ እባክህ ዛሬ አንጨቃጨቅ። ቁልፉን…»

«ቁልፉ ያውልህ፣ ኮፈኑ ላይ ነው። ግባ።»

«ምን?»

«ግባና አስነሳት!»

ልጁ ለሰላም ሲል ገባ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አንዴ አጓራ፤ ሞተሩም እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው ተንቀጥቅጦ ተነሳ። የክሬኑ ሹፌር አጨበጨበ። ልጁ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

«አጥፋት። ውረድ። እዚህ ና፣ ፊቴ ቁም» አለ አርባ ቁጥር። «የሞተሪኖው ሽቦ ወልቆ ነበር። እናትህ ናት የነቀለችው። ለምን እንደሆነ እኔና እሷ እንጨራረሳለን፤ አንተ አያገባህም። አንተን የሚያገባህ ይሄ ነው፤ አልረሳህም በል።»

«እማዬ? እንዴት እማዬ…»

«አልረሳህም በል!»

«አልረሳህም።»

«መብራት አላበራህም በል።»

«መብራት አላበራህም።»

«ባትሪው ደህና ነበር በል።»

«ጋሼ፣ እኔ ልሂድ መሰለኝ» አለ የክሬኑ ሹፌር።

«የትም አትሄድም! ምስክር ነህ። በል አንተ፣ ባትሪው ደህና ነበር።»

«ባትሪው ደህና ነበር» አለ ልጁ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የውርደት ይሁን የጸጸት እንጃ። «ይቅርታ አባዬ። ሳልመረምር ነው የፈረድኩት። መኪናዋ ያንተ ናት። በቃ፣ ቁልፉን ያዝ።» ቁልፉን አባቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ፤ ጣቶቹንም ራሱ አጠፈለት።

አርባ ቁጥር ረታ። አራት ቀን ያለመው ይህን ነበር። ቁልፉ በመዳፉ ውስጥ ከልጁ እጅ ሙቀት ጋር ተቀመጠ። በረንዳው ላይ ያለችው ሴት በልጁ ፊት እንደማታጋልጠው ያውቃል። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቁልፉን ኪሱ ቢከት የሚያግደው ሰው አልነበረም።

የዚያች ልጅ ሹራብ ቢጫ ነበር እንዴ?

«ምን ሆነች ብለህ ጠይቀኝ» አለ በድንገት። ድምፁ ከቅድሙ የባሰ ቁጣ ነበረው።

«ነገርከኝ እኮ፣ ሽቦው…»

«መኪናዋን አላልኩም። አባትህ ምን ሆነ በል። አርጅቶ ነው እንዳትል! ረስቶ ነው እንዳትል! ብልሽት ስም አለው። ዓይኔ ነው። ዓይኔ አያይም። ይህን ሰውዬ እጁን ሲዘረጋ አላየሁትም። አንተንም አሁን ቆመህ የማይህ እንደ ጥላ ነው። ይኸው፣ በስሙ ጠራሁት። ያዝ!» ቁልፉን ወረወረለት። ልጁ ደረቱ ላይ ተቀበለው።

የጎረቤት ውሻ እንደ ልማዱ ያለ ምክንያት ጮኸ።

«በክሬን ግን አትወጣም» አለ አርባ ቁጥር። «በእግሯ ነው የምትወጣው። አንተ፣ ጆሮ፣ መኪናህን ከበሬ ላይ አንሳ!»

«ወዲያው፣ ጋሼ!»

ኮፈኑን ዘግቶ ሸሚዙን ለበሰ። መኪናዋን በእጁ እየዳበሰ ዞሮ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት የኖረውን የጎን በር ከፈተና ገባ። ወንበሩ ለሚስቱ ቁመት የተስተካከለ ነበር፤ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ነካ። ተሳደበ። ሚስቱ ከኋላ ገባች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። ልጁ ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሽ ሊያስገባ ቢሞክር ማርሹ ጥርሱን አፋጨ።

«ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ርገጥ! እግር የለህም?»

«እየረገጥኩ ነው!»

«እየረገጥክ ከሆነ ለምን ታለቅሳለች? ጆሮ የለህም?»

ልጁ እንደገና ረገጠ። መኪናዋ አንዴ ዘልላ ከግቢው ወጣች።

«ወዴት ነው የምሄደው?» አለ።

«ዓይን ሐኪሙ ጋ» አለች ሚስቱ ከኋላ። «ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራሉ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

አርባ ቁጥር ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ፣ ኪሱ ውስጥ ያለችውን የቢጃማ ቁራጭ በጣቱ አገላበጣት። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ደረሱ።

«ቀበቶሽን እሰሪ» አለ ሳይዞር። «ማሰር እንደሆነ ታውቂበታለሽ።»